የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን በማን ትቆማለች?



በሰንበት ጧት በቅዳሴ ጊዜ የሚበራው ጧፍ፣ የሚታጠነው ዕጣን፣ ለመሥዋዕቱ የሚሆነው ስንዴና ዘቢብ ከወዴት እንደሚመጣ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁን? አብዛኞቻችን ቤተ ክርስቲያን ስመን ስንመለስ ይህን ሁሉ የካህናቱ ጉዳይ አድርገን እናልፈዋለን። ነገር ግን ጥያቄው ትንሽ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን የምትቆመው በመሬቷ ነው ወይስ በሰዎቿ? ለዚህ ጥያቄ የአርሲ ደጋ ታሪክ ግልጽ የሆነ መልስ ስለሚሰጥ፣ ዛሬ ስለ እርሱ ጥቂት እንነጋገራለን። ሮቤ ስንልም የባሌዋን ሮቤ ሳይሆን፣ ከጭላሎ ተራራ በስተምሥራቅ፣ በስንዴና በገብስ እርሻ መካከል የምትገኘውን የአርሲዋን ሮቤ ማለታችን ነው።

በዚህ አውራጃ አቅራቢያ ያለው ጥንታዊ ምሳሌ የሚገኘው በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች ላይ ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን በግራኝ አሕመድ ጊዜ ከተደረገው ጦርነት በኋላ፣ የዛይ ሕዝብ ከነገሥታቱ መናገሻና ከጳጳሳቱ መንበር ተለይቶ ለብዙ ትውልድ በደሴት ላይ ኖረ። የሚተዳደረውም ዓሣ በማጥመድ፣ ሸማ በመሥራትና ተዳፋቱን በድንጋይ እርከን ደግፎ በማረስ ነበር። ቢሆንም በቱሉ ጉዶ ደሴት በደብረ ጽዮን ማርያም የብራና መጻሕፍቱን እንደ ዓይኑ ብሌን ጠብቆ አቆየ። ይህን ያደረገው የጉልት ገቢ አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያኗን የራሴ ናት ያለ ሕዝብ ነው እንጂ።

በደጋው ላይ የሆነው ግን ሌላ ነው። አርሲ በንጉሥ ምኒልክ ግዛት ሥር የገባው በ1870ዎቹ ዓመታት በራስ ዳርጌ መሪነት ከተደረገው ብርቱና ብዙ ደም ካፈሰሰ ጦርነት በኋላ መሆኑ የታወቀ ነው። ከሠራዊቱ ጋር ታቦት መጣ፤ ታቦቱ በገባበትም ስፍራ ለካህናቱ የሰሞን መሬት ተሰጠ። የሰሞን መሬት ማለት ለመንግሥት ሊከፈል የሚገባው ግብር ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት እንዲውል የተመደበበት መሬት ነው። «ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ» የሚለው የቆየ አነጋገር የዚህን ሥርዓት መንፈስ በአጭሩ ያስረዳል።

ከዚህ አሠራር ሁለት ጉዳቶች ተከተሉ። የመጀመሪያው በጎረቤት ላይ የደረሰ ነው። መሬቱን የሚያርሰው ገበሬ ብዙ ጊዜ የአገሩ ተወላጅ ኦሮሞ፣ ከእነርሱም ብዙው ሙስሊም ስለ ነበረ፣ ለማይጸልይበት መቅደስ በላቡ ይገብር ነበር። ይህ በልቡ ያሳደረው ቅሬታ እንደ ቀላል ነገር ሊታይ አይገባም። ሁለተኛው ጉዳት በምእመናኑ በራሳቸው ላይ የደረሰ ነው። ቀለቡ ከመሬት፣ አስተዳደሩም ከአለቃውና ከገበዙ ከሆነ፣ ለተራው ክርስቲያን የቀረለት ድርሻ መሳለም፣ ማስቀደስና ስእለቱን ማስገባት ብቻ ሆነ። ጃንጥላና መጋረጃ ይሰጣል፤ ስለ ሒሳቡ ግን አይጠይቅም፤ ጠያቂም አልነበረም።

እርግጥ ነው፣ ምእመናኑ ፈጽሞ ሥራ ፈት አልነበሩም። በጽዋ ማኅበር ወር በወር ይሰበሰቡ፣ በሰንበቴ ድሀውን ያበሉ፣ በዕድር ሬሳውን ይቀብሩ ነበር። በጎውን ሥራ እርስ በርሳቸው መሥራትን ያውቁ ነበርና፣ የጎደላቸው ይህን ልማድ ወደ ቤተ ክርስቲያኗ አስተዳደር የሚያስገባ በር ነበር።

በሩ በአንድ ቀን አልተከፈተም። በ1935 ዓ.ም. ስለ ቤተ ክርስቲያን አስተዳደር የወጣው ደንብ ገቢውን በግምጃ ቤት ሥርዓት ለመያዝ ሞከረ። በ1951 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያናችን የራሷን ፓትርያርክ፣ አቡነ ባስልዮስን፣ አገኘች። በ1965 ዓ.ም. ደግሞ በሁለተኛው ፓትርያርክ በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን «ቃለ ዓዋዲ» የተባለው ደንብ ወጣ። ዓዋዲ ማለት አዋጅ ነጋሪ ማለት ነው፤ ስሙም እንደ ግብሩ ሆነ። በዚህ ደንብ መሠረት በየአጥቢያው ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በተወካዮቻቸው አማካይነት በአንድ ሰበካ ጉባኤ ተቀምጠው እንዲመክሩ፣ አባላቱም አስተዋጽኦ እንዲከፍሉ ተወሰነ።

ጊዜው እንዴት እንደ ገጠመ ልብ በሉ። ደንቡ ከወጣ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት የሚያደርገው አዋጅ ታወጀ። በአርሲ ጢሰኛው ከጭሰኝነት ነጻ ሲወጣ፣ የሰሞኑም መሬት በዚያው ቀን ቀረ። በሐምሌ ወር ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። ደንቡን ያወጡት አቡነ ቴዎፍሎስም በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ፤ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። መሬት ሲሄድ ቤተ ክርስቲያን ትዘጋለች ብሎ የጠበቀ ሰው በዚያ ጊዜ ቢኖር አይፈረድበትም።

ቤተ ክርስቲያን ግን አልተዘጋችም። ቄሱ እንደ ማንኛውም ገበሬ አርሶ እየበላ መቀደሱን ቀጠለ። ምእመኑም ጧፉንና ዕጣኑን፣ ከዚያም የጣራውን ቆርቆሮ፣ ከዚያም የአገልጋዩን ደመወዝ በሰበካ ጉባኤው በኩል መሸከም ጀመረ። እንደ ሮቤ ባለ የእህል አገር ከአውድማ የሚሰጥ ስንዴ ከጉልት ከሚመጣ ስንዴ ይለያል፤ አንደኛው በፈቃድ የተሰጠ፣ ሁለተኛው ግን ከሌላው ሰው ጉልበት የተወሰደ ነውና። ከዚህ ላይ ጽሑፋችን የሚለው ይህን ነው፦ በአርሲ ደጋ ምእመኑ በሙሉ ልቡ አገልጋይ የሆነው መሬቱ ከሄደ በኋላ ነው። ያ ቀን ለቤተ ክርስቲያኗ የድህነት ቀን ቢመስልም፣ ከጎረቤቷ ጋር ያላትን የቆየ ዕዳ ያቀለለ፣ ልጆቿንም ወደ ሥራ የጠራ ቀን ነበር።

ሆኖም ተሳትፎ ሁሉ ሰላም ያመጣል ማለት አይደለም። በግብፅ እኅት ቤተ ክርስቲያን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1874 ከምእመናን የተመረጠ ጉባኤ ተቋቁሞ ነበር። ጉባኤውና ፓትርያርኩ አቡነ ቄርሎስ 5ኛ ግን በሀብት አስተዳደር ተጣልተው፣ በ1892 ፓትርያርኩ ወደ በረሃ ገዳም እስከ መጋዝ ደረሱ። በዚያችው አገር ሊቀ ዲያቆን ሐቢብ ጊርጊስ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ያስፋፏቸው የሰንበት ትምህርት ቤቶች ቤተ ክርስቲያኗን አደሱ። አንዱ ስለ ሥልጣን ተከራከረ፤ ሌላው ሕፃናትን አስተማረ። ፍሬውን ማመዛዘን ለአንባቢ የተተወ ነው። የእኛ ደንብ ካህኑንና ምእመኑን በአንድ ጉባኤ ማስቀመጡም ለዚህ ነው፤ ካህኑ ያለ ሕዝቡ ሒሳብ እንዳይይዝ፣ ሕዝቡም ያለ ካህኑ ሥርዓት እንዳይሠራ።

እንግዲህ እናንተ የመንግሥት ሠራተኞች ሆይ፣ ነገሩ እናንተን ይመለከታል። ቃለ ጉባኤ መጻፍ፣ ደረሰኝ መቁረጥ፣ ገቢና ወጪን በየዓምዱ አስገብቶ ሚዛኑን ማሳየት ለእናንተ የዕለት ሥራ ነው። ለብዙ አጥቢያ ግን ከወርቅ ይልቅ የሚፈለግ ሙያ ይኸው ነው። ሥራ ወደ ሮቤ ወይም ወደ አሰላ የላከው ሰው «እኔ እንግዳ ነኝ፣ ነገ እዛወራለሁ» ብሎ በደጅ መቆም የለበትም። የተሰበሰበው ብር በግልጽ ካልተቆጠረና ካልተነበበ ምእመኑ ነገ እጁን ይሰበስባል፤ የሚተማመንበት መሬትም ዛሬ የለም።

በሐዋርያት ዘመን የድሆችን ማዕድ የሚያስተዳድሩ ሰባት ሰዎች ሲያስፈልጉ፣ የመረጡት ሕዝቡ ነበሩ፤ እጃቸውን የጫኑባቸው ሐዋርያት ናቸው። ሁለቱ ተባብረው ሲሠሩ ሥራው ሠመረ። በሚመጣው ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ የሰበካ ጉባኤው ስብሰባ ሲጠራ፣ እንደ ወትሮው ጫማችሁን አጥልቃችሁ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ጊዜ ቁጭ በሉ።