ከአውፍታ በፊት ሐቅ፦ የወላይታ ዘመቻ ትውስታና የሱልሕ ሥርዓት

ሕዝብና ሕዝብ ተዋግቶ ስለ እርቅ ሲነሣ፣ በመስጊዶቻችንና በመድረሳዎቻችን ቀድሞ የሚሰማው ቃል «አውፍ ተባባሉ» የሚለው ነው። ቃሉ መልካም ነው፤ ብቻውን ግን ሱልሕ አይሆንም። ሱረቱል ሑጁራት በ9ኛው አንቀጽ ሁለት የምእመናን ቡድኖች ቢጋደሉ ምን መደረግ እንዳለበት ሲደነግግ፣ የማስታረቅን ትእዛዝ ሁለት ጊዜ ያነሣል። መጀመሪያ ጠቡ እንዲበርድ ያዛል፤ ቀጥሎ ወሰን ያለፈው ወገን እንዲገታ ያዛል፤ ያ ወገን ከተመለሰ በኋላ ማስታረቁ ከፍትሕ ጋር ተቆራኝቶ ይደገማል። አንቀጹ ስለ ምእመናን ቢናገርም፣ ሱረቱል ማኢዳህ በ8ኛው አንቀጽ ፍትሕ ለምንጠላው ሕዝብ ሳይቀር የሚገባ መሆኑን ያጸናል። በዚህ ሚዛን የወላይታን ታሪክ እንመርምር።

ወላይታ እስከ 1887 ዓ.ም. በካዎ የሚተዳደር ነጻ መንግሥት ነበር። በዚያ ዓመት ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው በመሩት ዘመቻ አገሩ ተወጋ፤ የመጨረሻው ንጉሥ ካዎ ጦና ቆስለው ተማረኩ። ሠራዊቱን ተከትሎ የሄደው ፈረንሳዊው ቫንደርሃይም እልቂቱን፣ የምርኮኞቹን ዕጣና የከብቱን ክፍፍል ባየው መጠን ጽፏል።

በዘመቻው ከተሰለፉት መካከል የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር ይገኙበታል። አባ ጅፋር ሙስሊም ንጉሥ ነበሩ፤ ጅማም በዘመናቸው የዒልም ማእከል ነበረች። ያን ዘመን ስናስተምር ዑለማዎቹንና መስጊዶቹን እንቆጥራለን፤ የወላይታን ዘመቻ ግን አልፈነው እንሄዳለን። ጅማ ያለ ጦርነት ገብራ የውስጥ አስተዳደሯን ማቆየቷ፣ ለዚህም ለንጉሠ ነገሥቱ መታዘዝ የነበረባት መሆኑ እውነት ነው። ይህ ነገሩን ያብራራል እንጂ የተበደለውን ሰው ሐቅ አያነሣም።

«የአያቶቻችንን ሥራ እኛ እንጠየቅበታለንን?» የሚል ይኖራል። አንድ ነፍስ የሌላዋን ኃጢአት እንደማትሸከም ቁርኣን አስተምሮናል፤ ስለዚህ የዛሬው የጅማም ሆነ የሸዋ ልጅ በደለኛ አይባልም። ይሁን እንጂ ምስክርነትን መደበቅ የራሳችን ሥራ ነው፤ በእርሱ የምንጠየቀው እኛው ነን። ዑለማዎቻችን ስለ ተውበት ሲያስተምሩ የአላህን ሐቅ ከሰው ሐቅ ይለያሉ፤ የሰው ሐቅ ለባለቤቱ ሳይመለስ ወይም ባለቤቱ ይቅር ሳይል ተውበቱ አይሞላም። የሞቱት ዛሬ አውፍ ሊሉን አይችሉም፤ ለልጆቻቸው ልንመልስ የምንችለው የመጀመሪያው ሐቅ የሆነውን እንደሆነ መናገር ነው።

ያልታከመ ትውስታ ለጠብ ጫሪ የተመቸ ነው። አውስና ኸዝረጅ ከሂጅራ ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ በቡዓስ ተላልቀው ነበር። ወንድማማች ከሆኑም በኋላ ሻስ ኢብን ቀይስ የተባለ ሰው አንድ ወጣት ልኮ የቡዓስን ግጥሞች ቢያስነብብባቸው፣ መሣሪያ ለማንሣት መነሣታቸውንና ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመካከላቸው ገብተው ማብረዳቸውን የሲራ መጻሕፍት ይዘግባሉ።

የቅርብ ዘመን ጠቦች መነሻቸው ሌላ ቢሆንም፣ ሐቅ ሲመለስ የሚሆነውን ያሳያሉ። በ1992 ዓ.ም. የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች ያደባለቀ የመማሪያ መጽሐፍ በመምጣቱ ሶዶ ላይ ተቃውሞ ተነሣ፤ ሰውም ሞተ። ነገሩ የበረደው በምክር ብቻ አልነበረም፤ መጽሐፉ ቀረ፣ በ1993 ዓ.ም. ደግሞ ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። በሰኔ 2010 ዓ.ም. ሐዋሳ ላይ በሲዳማና በወላይታ ተወላጆች መካከል ግጭት ተነሥቶ ሰው ሲሞትና ሲፈናቀል፣ ቁጣው ሶዶም ደርሷል። ከዚያ ወዲህ እርቅ ሲነገር ልንጠይቀው የሚገባን፣ ተፈናቃዩ ወደ ቤቱ ተመልሷልን? የሟች ቤተሰብስ ተሰምቷልን? የሚለውን ነው።

በወላይታ የጊፋታ በዓል ከመግባቱ በፊት የተጣሉ ይታረቃሉ፤ ቂም ይዞ አዲስ ዓመት መግባት ነውር ነው። ሽማግሌዎቹም ከማስታረቃቸው በፊት የሁለቱንም ወገን ቃል ይሰማሉ፤ ጥፋተኛው ጥፋቱን እንዲናገር ይጠብቃሉ። ይህ ከያዝነው የሱልሕ ሥርዓት ጋር የሚስማማ ነው፤ በዞኑ ቁጥሩ ጥቂት የሆነው ሙስሊም ከጎረቤቱ ሽማግሌ ጋር የሚቀመጥበት መሠረትም ይኸው ነው።

እንግዲህ መምህሩ የአባ ጅፋርን ዘመን ሲያስተምር የ1887ቱን ዘመቻ አብሮ ያስተምር። ኢማሙም በኹጥባው «አውፍ በሉ» ከማለቱ በፊት፣ ሐቁ የማን እንደሆነና ተመልሶ እንደሆነ ይጠይቅ። አውፍታን የመስጠት መብት የተበደለው ነው፤ የእኛ ድርሻ መንገዱን መጥረግ ነው። ወላሁ አዕለም።