አር-ራዚ እና የሕሙማን ማስታወሻዎቹ

የሙስሊም ሐኪሞች ታሪክ በደርስ ሲነሣ፣ ስለ አቡ በክር ሙሐመድ ኢብን ዘከሪያ አር-ራዚ አንድ ትረካ ሳይነገር አይታለፍም። ዐዱድ አድ-ደውላ በባግዳድ ሆስፒታል ሊያሠራ ባሰበ ጊዜ፣ ራዚ በየአቅጣጫው ሥጋ አሰቅሎ ሥጋው ዘግይቶ የሸተተበትን ቦታ መረጠ ይባላል። ትረካው ያምራል፤ ዘመኑ ግን አይገጥምም። ራዚ ያረፈው በ313 ዓ.ሂ. (925 እ.ኤ.አ.) ገደማ ሲሆን፣ ሆስፒታሉ የተከፈተው በ372 ዓ.ሂ. ነው። የሐኪሞችን ታሪክ የጻፈው ኢብን አቢ ኡሰይቢዓም ራዚ ከዐዱድ አድ-ደውላ እንደሚቀድም አስገንዝቧል። ስለዚህ የራዚን ሙያ ለማስተማር ወደ ማስታወሻዎቹ መሄድን እንመርጣለን።

«አል-ሓዊ» የተባለው ግዙፍ መጽሐፍ፣ ራዚ በንባብና በሕክምና ሥራው ያጠራቀማቸው ማስታወሻዎች ከሞቱ በኋላ ተጠናቅረው የወጡበት ነው። በሐይደራባድ ሲታተም 23 ክፍል ወጥቶታል። ስለ አንድ ሕመም ሲጽፍ የቀደሙትን ቃል ከነባለቤቱ ያሰፍራል፤ ጃሊኑስ እንዲህ አለ፣ እገሌ እንዲህ አለ እያለ። ከዚያ «ሊ»፣ ማለትም «የእኔ»፣ ብሎ የራሱን ምልከታ ለብቻው ይለያል። ኢስናድ ያጠና ሰው የዚህን ጥንቃቄ ዋጋ ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም።

ከነዚህ ማስታወሻዎች አንዱ ስለ ሲርሳም ነው፤ ዛሬ ማጅራት ገትር ለምንለው የሚቀርብ ሕመም ነው። የራስና የአንገት ሕመም ለቀናት ሲዘልቅ፣ ዓይን ብርሃንን ሲሸሽ፣ እንቅልፍ ሲጠፋ፣ የደም ሥር በጥቶ ደም ማፍሰስን ያዝዛል (ይህ ከዋግምት የተለየ ነው)። ማስረጃውንም ያክላል፦ አንዱን ወገን በዚህ መንገድ አከመ፤ ሌላውን ሆን ብሎ ተወው፤ ዓላማው ፍርዱን ለማጥራት ነበር፤ የተተዉትም ሁሉ ሲርሳም ያዛቸው። የሕሙማኑን ቁጥር አልነገረንም። ሕክምናውም ዛሬ ተቀባይነት የለውም፤ ሕሙማንን ሆን ብሎ መተዉም ከባድ ጥያቄ ያስነሣል። ሆኖም ሁለት ወገን አወዳድሮ መፍረድ በዚያ ዘመን እጅግ ብርቅ ነበር።

ስለ ፈንጣጣና ኩፍኝ በጻፈው ኪታብም ይኸው የሕሙማን አልጋ አጠገብ ዓይን ይታያል። የጀርባ ሕመም በፈንጣጣ ይበረታል፤ ጭንቀትና ማቅለሽለሽ በኩፍኝ ይብሳል ይላል።

በእምነት ጉዳዮች ለእርሱ የተሰጡ አቋሞች በዑለማእ ዘንድ ብርቱ ትችት እንደገጠማቸው መምህራን ያውቃሉ፤ ሕክምናውን ስናስተምር ያንን መደበቅ አያስፈልገንም። እርሱም ቢሆን ታላላቆችን ከትችት ነጻ አላደረገም። «አሽ-ሹኩክ ዐላ ጃሊኑስ» በተባለው ኪታቡ፣ ጃሊኑስ መምህሩና ባለውለታው መሆኑን መስክሮ፣ ስለ ትኩሳት የጻፈው ግን በባግዳድና በረይ ሆስፒታሎች ካያቸው ሕሙማን ጋር እንዳልገጠመ አስፍሯል።