ሳይከፈት በፊት የተፈተነ መረብ

የታሪክ ጽሑፍ ሲባል ብዙ ጊዜ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ይጠበቃል። እኛ ግን በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ገና ብዙ ዕድሜ ስለሌለው ነገር፣ ይኸውም ኢተሪየም ስለሚባለው መረብ ልንጽፍ ወደድን። ምክንያቱም የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች እንደ መሆናችን መጠን ፈተናና ዝግጅት የሚባሉት ሁለት ቃላት ከእንቅልፋችን ጋር ሲጣሉ ስለ ሰነበቱ ነው። ዘመኑን የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው፤ አንዱን ቀን ብቻ ወደ እኛ ዘመን እንመልሰዋለን።

አስቀድመን ነገሩን ለማያውቁት ወላጆች እናስረዳ። ብሎክቼይን ማለት የሒሳብ መዝገብ ነው፤ ነገር ግን በአንድ ባንክ ሣጥን የተቈለፈ ሳይሆን በብዙ ሺህ ኮምፒዩተሮች ላይ በአንድ ዓይነት የተጻፈ መዝገብ ነው። የሚጻፈውም ገጽ በገጽ ነው፤ እያንዳንዱ ገጽ ከፊቱ የነበረውን ገጽ ምልክት ስለሚይዝ የቀድሞውን ፍቆ መለወጥ እጅግ አስቸጋሪ ነው። አዲስ ገጽ በተጻፈ ቍጥር ኮምፒዩተሮቹ «ትክክል ነው» ብለው መስማማት አለባቸው። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። የባንክ መዝገብ ቢሳሳት ሥራ አስኪያጁ ጸሐፊውን ጠርቶ ያሳርመዋል። ይህ መዝገብ ግን ሥራ አስኪያጅ የለውም፤ በውስጡ ያለው ገንዘብ ደግሞ የእውነት ሰዎች ገንዘብ ነው። ስለዚህ ስሕተት ካለበት ሳይከፈት በፊት ሊገኝ ይገባዋል።

የመረቡን ሐሳብ በ2013 የጻፈው ቪታሊክ ቡተሪን ያን ጊዜ ዕድሜው 19 ዓመት ነበረ። ከእኛ የሚበልጠው በአንድ ዓመት ብቻ መሆኑን ባነበብን ጊዜ ጥቂት እንደ ደነገጥን አንሸሽግም። በሜይ 2015 ኦሊምፒክ የተባለ የሙከራ መረብ ተከፈተ፤ ሰዎችም መረቡን እስኪደክም ድረስ እንዲያስጨንቁት ተጋበዙ፤ ለሚያስጨንቁትም እስከ 25,000 ኢተር ሽልማት ተመደበላቸው። ከዚያ በኋላ በጁላይ 30 ቀን 2015 እውነተኛው መረብ ፍሮንቲር በሚባል ስም ተጀመረ። ይሁን እንጂ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በአንድ ገጽ ሊሠራ የሚችለው ሥራ ሆን ተብሎ ስለ ጠበበ ገንዘብ ማስተላለፍ አይቻልም ነበር። በሩ ተከፍቶ ሳለ መግቢያው ላይ ገመድ እንደ ታሰረበት ቤት ነበረ ማለት ነው።

ጥንቃቄው ከዚያ በኋላም አልቀረም። በጃኑዋሪ 2019 ኮንስታንቲኖፕል የተባለ ማሻሻያ ሥራ ላይ ሊውል ጥቂት ጊዜ ሲቀረው፣ ቼይንሴኩሪቲ የተባለ የመርማሪዎች ድርጅት አንድ አደጋ አሳየ። አዲሱ ደንብ አንዳንድ ሥራዎችን ስለሚያረክስ፣ ቀድሞ ደኅና የነበሩ ውሎች ለሌባ በር ሊከፍቱ ይችሉ ነበር። ቀኑ ወዲያው ተሻረ፤ ማሻሻያውም ያ ደንብ ወጥቶለት በፌብሩዋሪ 28 ተፈጸመ። ሁሉ ነገር ተዘጋጅቶ ሳለ «ዛሬ አይሆንም» ማለት እንዴት እንደሚከብድ ድግስ ደግሶ የሚያውቅ ሁሉ ይረዳዋል።

አሁን ወደ ትልቁ ሥራ እንመጣለን። ኢተሪየም እስከዚያ ድረስ ገጾቹን የሚያጸናው ኮምፒዩተሮች ከባድ ስሌት እየተሽቀዳደሙ እንዲሠሩ በማድረግ ነበር፤ ይህም ብዙ የኤሌክትሪክ ኃይል ይበላ ነበር። በእርሱ ፈንታ የታሰበው ዘዴ እያንዳንዱ አረጋጋጭ 32 ኢተር መያዣ እንዲያስቀምጥ ነው። በእውነት የመሰከረ ጥቂት ዋጋ ያገኛል፤ በሐሰት የመሰከረ ከመያዣው ይቀጣል። ይህን አዲስ መረብ ለመሞከር በኦገስት 4 ቀን 2020 ሜዳላ የተባለ የሙከራ መረብ ተከፈተ። ገንዘቡ ዋጋ የሌለው የልምምድ ገንዘብ ነበር።

በአሥረኛው ቀን፣ በኦገስት 14፣ የሆነውን ግን ማንም አልጠበቀውም። በሜዳላ ላይ የተለያዩ ቡድኖች የጻፏቸው ልዩ ልዩ ፕሮግራሞች ይሠሩ ነበር፤ ይሁን እንጂ ከአረጋጋጮቹ ከግማሽ የሚበልጡት ፕሪዝም የሚባለውን አንዱን ፕሮግራም መርጠው ነበር። ፕሪዝም ሰዓቱን የሚያስተካክለው ከስድስት የሰዓት ሰርቨሮች ጠይቆ አማካዩን በመውሰድ ነበረ። ከስድስቱ አንዱ ተሳስቶ 24 ሰዓት ቀደመ። 24 ለ6 ሲካፈል 4 ነው፤ ይህን የአንደኛ ደረጃ ተማሪም ያሰላዋል። ስለዚህ የፕሪዝም ሰዓት በአንድ ጊዜ አራት ሰዓት ወደ ፊት ዘለለ፤ አረጋጋጮቹም ገና ላልመጣ ጊዜ መመስከር ጀመሩ። ሌሎቹ ፕሮግራሞች ይህን ምስክርነት ሐሰት ነው ብለው ጣሉት።

መከራው በዚህ አላበቃም። ሰዓቱ ወደ ቦታው በተመለሰ ጊዜ ብዙዎቹ አስቀድመው ለመሰከሩበት ሰዓት ሁለተኛ ጊዜ መሰከሩ። በመረቡ ሕግ ለአንድ ጊዜ ሁለት ልዩ ልዩ ምስክርነት መስጠት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው፤ ስለዚህ ሌቦች ሳይሆኑ እንደ ሌባ ተቀጥተው ከመረቡ ወጡ። የፕሮግራሙ ጸሐፊዎች በጥድፊያ ማረሚያ አወጡ፤ ማረሚያው ራሱ ጕድለት ስለ ነበረበት እንደ ገና ሌላ ማውጣት ግድ ሆነባቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ይህ ነው። መረቡ ገጾችን ለማጽናት ከአረጋጋጮቹ ሁለት ሦስተኛው መስማማት ስላለበት፣ ከግማሽ በላዩ ሲናጋ ሥራው ለብዙ ቀናት ተሰናከለ።

እኛ ይህን ስናነብ መጀመሪያ የመጣልን ሐሳብ «እንዲህ ያለ መረብ ምን ያደርጋል?» የሚል ነበር። ቈይተን ስናስበው ግን ሐሳባችን ተለወጠ። ያ ቀን እውነተኛው ገንዘብ ከገባ በኋላ ቢደርስ ኖሮ የስንት ቤተ ሰብ ቍጠባ ይቃጠል ነበር! ጸሐፊዎቹም የሆነውን ሳይደብቁ ስሕተታቸውን ራሳቸው ጽፈው አወጡት። እኛ ተማሪዎች በሞዴል ፈተና የወደቅንበትን ወረቀት አጣጥፈን ኪሳችን ውስጥ ስለምንከት በዚህ ጥቂት አፈርን።

ሞዴል ፈተናን ካነሣን ዘንድ አንድ ነገር እንጨምር። በልምምድ ገንዘብ የሚሠራ ሰው ልቡን ሁሉ አይሰጥም። በሴፕቴምበር 29 ቀን 2020 የመክፈቻውን ቀን ብቻ ለመለማመድ ስፓዲና የተባለ የሦስት ቀን መረብ ሲከፈት ብዙ አረጋጋጮች ሳይገኙ ቀሩ። ኮምፒዩተሩን አስመዝግቦ ሳይከፍተው የቀረ ሰው ምንም አይከስርም። ስለዚህ በኦክቶበር 12 ዚንከን የሚባል ሌላ ልምምድ ተደረገ፤ እርሱም ተሻለ። ሞዴል ፈተና ውጤቱ በሰርተፍኬት ላይ ስለማይጻፍ የሚተኛበት ተማሪ በክፍላችንም አለ፤ ስሙን አንጠራም።

እውነተኛው መክፈቻ ደግሞ በቀን ብቻ አልተወሰነም። 16,384 አረጋጋጮች 524,288 ኢተር እስኪያስቀምጡ ድረስ መረቡ እንዳይከፈት በሕጉ ተጽፎ ነበር። ይህ መጠን በኖቬምበር 24 ሞላ፤ መረቡም በዲሴምበር 1 ቀን 2020 ከ21 ሺህ በላይ አረጋጋጮች ይዞ ተጀመረ። ከሁሉ የደነቀን ግን እነዚያ ሰዎች መያዣቸውን የሚያወጡበት መንገድ ገና ያልተሠራ መሆኑ ነው። አውቀው አስገቡ፤ በሩም የተከፈተላቸው በኤፕሪል 12 ቀን 2023 ነው። ይህ ድፍረት ነው ወይስ እምነት? በክፍላችን ብዙ ተከራክረንበት አልተስማማንም።

አዲሱ መረብ ለብቻው ሲሠራ፣ አሮጌው ደግሞ የሰዉን ገንዘብ ሲያንቀሳቅስ ሁለቱን ማዋሐድ ቀረ። ይህም ሰው በቤቱ ውስጥ ተቀምጦ እየበላ ሳለ ምሰሶውን እንደ መለወጥ ነው። ሥራው በተራዘመ ቍጥር የሚያፌዙ ሰዎች በዙ፤ ጸሐፊዎቹ ራሳቸውን ለማስገደድ ሲሉ ስሌቱን በየጊዜው የሚያከብድ ፈንጂ የሚባል ደንብ በመዝገቡ ውስጥ ቀብረው ነበር፤ እርሱንም ደጋግመው አራዘሙት። በዲሴምበር 2021 ኪንትሱጊ የተባለ የሙከራ መረብ ተከፈተ። በእርሱም ላይ አንድ የመረቡ ባለሙያ ሆን ብሎ የተበላሸ ገጽ ቢልክ፣ አንዳንዶቹ ፕሮግራሞች ተቀበሉት፣ ሌሎቹ አልተቀበሉትም፤ መረቡም ተከፋፈለ። የራሱን ቤት ግድግዳ በመዶሻ እየመታ የሚሄድ ሰው እብድ ይባላል፤ በዚህ ሥራ ግን አስፈላጊው ሰው እርሱ ነው።

ከኤፕሪል 2022 ጀምሮም ብልህ ዘዴ ተገኘ። የእውነተኛውን መዝገብ ቅጂ ይዘው ጥቂት ኮምፒዩተሮች ብቻ ውሕደቱን ይፈጽማሉ፤ ትልቁ መረብ ግን ሳያውቅ ሥራውን ይቀጥላል። ይህን ከአሥር ጊዜ በላይ ደጋገሙት። ቀጥሎ ሮፕስተን በጁን፣ ሴፖሊያ በጁላይ፣ ጎርሊ በኦገስት ተዋሐዱ። በመጨረሻም ውሕደቱ በሴፕቴምበር 15 ቀን 2022 ተፈጸመ። ይህ ቀን በእኛ አቈጣጠር መስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው፤ እኛ የአዲስ ዓመት አበባችን ገና ሳይጠወልግ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ላይ መሆኑ ነው። መረቡ ሳይቆም ምሰሶው ተለወጠ፤ የሚበላውም የኤሌክትሪክ ኃይል 99.95 ከመቶ ያህል እንደ ቀነሰ ተገመተ።

ከዚያ ወዲህ ስሕተት አልጠፋም። በሜይ 2023 እውነተኛው መረብ ራሱ በሁለት ቀናት ሁለት ጊዜ ገጾቹን ማጽናት ተስኖት ነበር፤ በየጊዜው ብዙም ሳይቈይ ዳነ። በፌብሩዋሪ 24 ቀን 2025 ደግሞ ፔክትራ የተባለው ማሻሻያ ሆለስኪ በተባለው የሙከራ መረብ ላይ ሲሞከር፣ በብዛት ይሠራባቸው የነበሩት ሦስት ፕሮግራሞች የመያዣውን ውል አድራሻ በተሳሳተ መንገድ ይዘው ተገኙ። ብዙሃኑ ወደ ተሳሳተው መንገድ ሄዱ፤ መረቡም ሁለት ሳምንት ያህል ገጾቹን ማጽናት አቃተው። ጸሐፊዎቹ ሁዲ የሚባል አዲስ የሙከራ መረብ በማርች ከፍተው እንደ ገና ከመጀመሪያው ሞከሩ፤ ፔክትራም በእውነተኛው መረብ ላይ በሜይ 7 ቀን 2025 ተጀመረ።