አንድ ሰው ሲቆስል

ሙያዬ ሒሳብ ቢሆንም ማታ ማታ ታሪክ ማንበብ እወዳለሁ። ዛሬ የማካፍላችሁ ስለ አንድ የጄኖዋ ሰው ነው።

ጆቫኒ ጁስቲኒያኒ እ.ኤ.አ. በ1453 መጀመሪያ 700 ያህል ወታደሮች ይዞ በመርከብ ቁስጥንጥንያ ገባ። የኦቶማኑ ሱልጣን ዳግማዊ መሐመድ ከተማይቱን ለመያዝ እየተዘጋጀ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ 11ኛው ቆስጠንጢኖስ በየብስ በኩል ያለውን ቅጥር እንዲጠብቅ ለዚህ እንግዳ አደራ ሰጠው። ንጉሡ ባለሟሉን ስፍራንትዜስን መዋጋት የሚችለውን ሰው እንዲቆጥርም አዘዘው። የተገኙት የአገሬው ሰዎች 5000 እንኳ አልሞሉም። ንጉሡም ቁጥሩ በምስጢር እንዲያዝ አደረገ። ጉድለቱ ታውቆ መደበቁን ሳነብ፣ እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ልቤ ደነገጠ።

ከበባው ኤፕሪል 6 ተጀመረ። መድፍ ቀን ያፈረሰውን ቅጥር፣ ጁስቲኒያኒ ሌሊት በእንጨትና አፈር በተሞሉ በርሜሎች ያስጠግን ነበር። ድንጋይና አፈር ካመላለሱት መካከል ሴቶችና ልጆች ነበሩ። ባነበብኩት ሁሉ ግን የአንዷንም ስም አላገኘሁም። ከተማይቱ እንዲህ እየተጠገነች 53 ቀን ቆየች።

ሜይ 29 ሊነጋጋ ሲል ጁስቲኒያኒ ክፉኛ ቆሰለ። ንጉሡ እንዳይሄድ ቢለምነውም፣ በር ተከፍቶለት ወደ መርከቡ ተወሰደ። ወታደሮቹ ይህን አይተው ተከተሉት፤ መስመሩ ላላ፣ የሱልጣኑ ጦር ገባ። ንጉሡ በዚያው ዕለት ሞተ፤ ከተማይቱም ተያዘች። ጁስቲኒያኒም ብዙ ሳይቆይ በዚያው ቁስል ሞተ።

ፈሪ ነው ያሉት ነበሩ። እኔ ግን በቁስል የሞተን ሰው ፈሪ ለማለት አልደፍርም። የሰዉ ቁጥር ማነሱ ብቻውን ከተማይቱን ሊጥላት ይችል ነበር። ሆኖም የሁሉም ልብ በአንድ ሰው ላይ መንጠልጠሉ ውድቀቱን ያፋጠነው ይመስለኛል።

ይህን የምጽፈው የራሴን ጥፋት ስላየሁበት ነው። በወሊድ ምክንያት ቤት በዋልኩ ጊዜ የቁጠባውን መዝገብ ከእኔ በቀር የሚያውቀው አልነበረም። ብድር የጠየቁ እኅቶች ሳምንታት ጠበቁ። ያን ጊዜ ታማኝነት መስሎኝ ብቻዬን ይዤው የኖርኩት ሥራ፣ ለካ ማኅበሩን ያለ ተተኪ አስቀርቶታል።

ስለዚህ መዝገቡን ቢያንስ ሁለት እኅቶች ከእኔ ጋር እንዲማሩ እፈልጋለሁ። የወሩ ሒሳብም፣ ጉድለት ቢኖርበት እንኳ፣ በስብሰባ ላይ ይነበብ። መማር የምትፈልጉ ከሚቀጥለው ስብሰባ በኋላ ጠብቁኝ፤ ደብተሩን ይዤ እመጣለሁ።