የቀለማት ጉርብትና በዦርዥ ሱራ ሥዕል

ፈረንሳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ሚሼል ሸቭረል እ.ኤ.አ. በ1824 በፓሪስ የጎብለን ሥጋጃ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። በዚያም ጥቁሩ ክር ድምቀት ይጎድለዋል የሚል አቤቱታ ቀረበለት። ሲመረምር ጉድለቱ የማቅለሚያው ሳይሆን ከጥቁሩ አጠገብ የተሸመነው ሰማያዊና ወይን ጠጅ ያስከተለው መሆኑን ደረሰበት፤ ጎን ለጎን ያሉ ቀለማት አንዱ የሌላውን መልክ እንደሚለውጥም በ1839 ባሳተመው መጽሐፍ አስረዳ።

ከድኅረ ኢምፕሬሽኒስት ሠዓልያን አንዱ የሆነው ዦርዥ ሱራ (1859-1891) ይህንኑ ሕግ በመከተል «እሑድ በግራንድ ዣት ደሴት» የተባለውን ሥዕል ከ1884 እስከ 1886 ሠራ። ቀለማቱን በማደባለቂያ ገበታ ላይ ከማዋሐድ ይልቅ በጥቃቅን ነጠብጣብ ጎን ለጎን አኖራቸው፤ ውሕደቱንም ለተመልካቹ ዓይን ተወው። ይሁን እንጂ የተጠቀመበት የዚንክ ቢጫ ብዙ ሳይቆይ ወደ ቡናማ አደላ፤ የሣሩም ብሩህነት ደበዘዘ።

ስለሆነም ተማሪዎች ዛሬ የሚያዩት ሥዕል ሱራ የሣለውን መልክ በሙሉ የያዘ አይደለም። የሥነ ሥዕል ትምህርት ከኬሚስትሪ ጋር ተያይዞ ሊሰጥ የሚገባውም በዚህ ምክንያት ነው።