ፊላሬቴና የሚላኖ ታላቁ ሆስፒታል

የኢጣሊያ የሕዳሴ ዘመን (ሬኔሳንስ) ሲነሣ ቀድመው የሚታወሱት ሊዮናርዶ፣ ሚኬላንጄሎና ራፋኤል ናቸው። በእነዚህ ስመ ጥር ሰዎች ጥላ ሥር የቀሩ ባለሙያዎች ግን ጥቂት አይደሉም። ከእነርሱ መካከል የሕክምና ባለሙያዎች በተለይ ሊያውቁት የሚገባው አርክቴክቱ አንቶኒዮ አቬርሊኖ ነው። ይህ ሰው ይበልጥ የሚታወቀው ፊላሬቴ በተሰኘው ስሙ ሲሆን፣ ትርጉሙም በግሪክኛ «በጎነትን ወዳድ» ማለት ነው። ፊላሬቴ ሐኪም አልነበረም። ይሁን እንጂ ሕሙማን የሚተኙበት ቤት አየሩ፣ ውኃውና መጸዳጃው ምን መምሰል እንዳለበት በጥልቀት ያሰበና ሐሳቡንም በግንብ የገለጸ ሰው ነበር።

ፊላሬቴ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1400 ገደማ በፍሎረንስ ነው። በመጀመሪያ የታወቀው በነሐስ ሥራው ነበር። በጳጳሱ ራብዓይ ኤውጄንዮስ ትእዛዝ የሠራው የሮማው የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን የነሐስ በር እ.ኤ.አ. በ1445 ተጠናቅቆ፣ አሮጌው ሕንጻ ፈርሶ አዲሱ ሲታነጽ ወደ አዲሱ ተዛውሯል፤ ዛሬም በመካከለኛው መግቢያ ላይ ይገኛል። በበሩ ላይ ከተቀረጹት ትዕይንቶች መካከል በፍሎረንሱ ጉባኤ ወቅት የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ልዑካን ወደ ጳጳሱ መምጣታቸውን የሚያሳዩ አሉበት። እ.ኤ.አ. በ1441 ከግብፅ ኮፕቶች ጋር በኢየሩሳሌም ከነበረው የኢትዮጵያ ገዳም የተላኩ መነኮሳትም ወደ ፍሎረንስ ተጉዘው ስለ ነበር፣ ይህ በር ለኢትዮጵያ ታሪክም ባዕድ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ፊላሬቴ ቅዱስ አፅም ለመስረቅ ሞክሯል ተብሎ በመከሰሱ ሮማን ለቅቆ ለመሸሽ ተገደደ። በመጨረሻም በሚላኖው መስፍን በፍራንቼስኮ ስፎርዛ ዘንድ ሥራ አገኘ።

በዚያን ጊዜ ሚላኖ ውስጥ ሕሙማንና ድኾች የሚረዱባቸው በርካታ ትንንሽ ሆስፒታሎች ነበሩ። እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ንብረትና አስተዳደር ስለ ነበራቸው ሀብቱ ተበታትኖ፣ አገልግሎቱም ተዳክሞ ይገኝ ነበር። መስፍኑና የከተማይቱ ሊቀ ጳጳስ እነዚህን ተቋማት በአንድ አስተዳደር ሥር ለማዋሐድ ወሰኑ፤ ጳጳሱ ዳግማዊ ፒዮስም እ.ኤ.አ. በ1458 ውሳኔውን አጸደቁ። በአሠራሩ መሠረት ሊድኑ የሚችሉ፣ ድንገተኛና አጣዳፊ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በታላቁ ሆስፒታል ሲታከሙ፣ ሕመማቸው የቆየና የጸና ደግሞ በሌሎቹ ቤቶች ይረዱ ነበር። ሕሙማንን እንደ ሕመማቸው ዓይነት ለይቶ ወደሚገባቸው ቦታ መላክ የዛሬ ግኝት ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የታላቁ ሆስፒታል የመሠረት ድንጋይ የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1456 ነው። የፊላሬቴ ንድፍ ሁለት ትልልቅ የመስቀል ቅርጾችን የያዘ ሲሆን፣ አንዱ ለወንዶች፣ ሌላው ለሴቶች ተመድቧል። እያንዳንዱ መስቀል በአራት ማዕዘን ውስጥ ስለ ተቀመጠ በክንፎቹ መካከል አራት አራት አደባባዮች ተፈጥረዋል። ከሁለቱ መካከል ሰፊ አደባባይ፣ በዚያም ላይ ቤተ ክርስቲያን እንዲኖር ታስቧል። ክንፎቹ በሚገናኙበት ሥፍራ መሠዊያ ስለሚቆም ሕመምተኛው ከአልጋው ሳይነሣ ጸሎቱን መከታተል ይችላል። አደባባዮቹ ደግሞ ብርሃንና ነፋስ ወደ መኝታ ክፍሎቹ እንዲገቡ ያደርጋሉ።

የንድፉ ታላቅ ቁም ነገር ግን ለዓይን የማይታየው ክፍል ነበር። ፊላሬቴ በአልጋዎቹ አጠገብ መጸዳጃዎችን አዘጋጅቶ፣ ከሥራቸው የፍሳሽ ቦዮችን ዘረጋ። በሆስፒታሉ አቅራቢያ ከሚያልፈው የናቪልዮ ቦይ የተጠለፈ ውኃ እየገባ ቆሻሻውን ጠርጎ እንዲወስድ አደረገ። ከጣሪያ የሚወርደው የዝናብ ውኃም በግድግዳው ውስጥ እያለፈ ቦዮቹን እንዲያጥብ፣ መጥፎው ሽታም ወደ ላይ እንዲወጣ መተንፈሻ እንዲኖር አሰበ። ይህንኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ከ1460 ጀምሮ ባሉት ዓመታት በጻፈው ሃያ አምስት ክፍል ባለው የሥነ ሕንጻ መጽሐፉ ውስጥ በዝርዝር ገልጾታል።

የዚያ ዘመን ሊቃውንት ስለ ረቂቅ ተሕዋስያን የሚያውቁት አልነበረም። በሽታን የሚያመጣው የተበከለ አየር ነው ብለው ያምኑ ነበር። ተሕዋስያን በሽታ አምጪ መሆናቸው የተረጋገጠው ከአራት መቶ ዓመታት በኋላ፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ይሁን እንጂ ሽታን ለማራቅ ሲባል የተዘረጋው ቦይ ዓይነ ምድርን ከሕመምተኛው ያርቅ ነበር። የምክንያቱ ማብራሪያ የተሳሳተ ቢሆንም ተግባሩ ትክክል ነበር ማለት ነው።

ፊላሬቴ ሥራውን ከፍጻሜ ሳያደርስ እ.ኤ.አ. በ1465 ከኃላፊነቱ ለቀቀ፤ ግንባታውንም ጉኒፎርቴ ሶላሪ ቀጠለበት። የመካከለኛው ትልቅ አደባባይ የተሠራው በባሮክ ዘመን፣ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ካርካኖ የተባለ ባለጸጋ በተናዘዘው ገንዘብ ነበር። የዚህ ሥራ መሪም ከሚላኖ ውጭ ስሙ እምብዛም የማይነሣው አርክቴክት ፍራንቼስኮ ማሪያ ሪኪኒ ነው። የሠዓሊያንን የሕይወት ታሪክ የጻፈው ቫዛሪ የፊላሬቴን መጽሐፍና የነሐስ በሩን ክፉኛ መንቀፉ ለስሙ መደብዘዝ አንዱ ምክንያት ሳይሆን አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1943 ሕንጻው በጦርነቱ የአየር ድብደባ ክፉኛ ተጎዳ። ከዚያ በኋላ ታድሶ ከ1958 ጀምሮ የሚላኖ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ሆኗል።

ፊላሬቴ አንድም መድኃኒት አላገኘም፤ አንድም ሕመምተኛ አላከመም። ሆኖም ከልዑላን ቤተ መንግሥት የማያንስ ውበት ያለውን ሕንጻ ለድኻ ሕሙማን ሲነድፍ፣ የፊት ለፊቱን ግንብ ለማስጌጥ የሰጠውን ያህል ትኩረት ከወለሉ በታች ለሚያልፈው ቦይም ሰጥቷል። ውኃና መጸዳጃ በቅጡ ያልተሟላለት ሆስፒታል በሐኪሞቹ ዕውቀትና በመሣሪያዎቹ ብዛት ብቻ ሕሙማኑን ከተጨማሪ በሽታ ሊጠብቅ አይችልም። ሆስፒታል ለመገንባት የሚመክሩ ሁሉ ሐኪሙንና ነርሷን ከአርክቴክቱ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማስቀመጥ ያለባቸውም ስለዚህ ነው።