ቤት ስትቀይሩ ካርቶን ከየት ይገኛል? በነፃም በትንሽ ብርም

አዲስ አበባ ላይ ቤት ተከራይቶ ለሚኖር ሰው ዕቃ መጫንና ማውረድ ብርቁ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ ቢደነግግም ሰው አሁንም ቤት ይቀይራል። ሥራ ይለወጣል፣ ልጅ ይወለዳል፣ ኮንዶሚኒየም ይደርሳል፣ ሰፈር ለልማት ይነሳል።

ወጪውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ቅድሚያ ክፍያ አለ፣ ደላላ አለ፣ መኪና አለ፣ ጫኝና አውራጅ አለ። በዚህ ሁሉ ላይ ለባዶ ካርቶን ብር ማውጣት ያማል። ያለ ካርቶን መጫን ግን የባሰ ነው። ሲኒው ይሰበራል፣ መጽሐፉ ይቀደዳል፣ ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ድረስ ዕቃ አንድ በአንድ ሲወጣ ይመሻል። መኪናውም ጫኙም ሰዓት ቆጥረው ይጨምራሉ።

ስለዚህ ካርቶን ከየት እንደሚገኝ፣ የትኛው እንደሚያዋጣና የትኛው እንደማይነካ ሰብሰብ አድርገን አቅርበናል። ዛሬ ባይጠቅማችሁም ሴቭ አድርጉት፣ ቀኑ ይመጣል።

◾ መጀመሪያ ይህን እንወቅ፦ ባዶ ካርቶን ባለቤት አለው

ሱቅ በር ላይ የተደራረበ ባዶ ካርቶን ስታዩ የሚጣል እንዳይመስላችሁ። ብዙ ጊዜ የሱቁ ልጅ፣ ጥበቃው ወይም የጽዳት ሠራተኛዋ አጠራቅመው ለቆራሌው ወይም ለካርቶን ሰብሳቢ በኪሎ ይሸጡታል። ከዚያ ወደ ወረቀት ፋብሪካ ይሄድና ተፈጭቶ እንደገና ወረቀትና ካርቶን ይሆናል። ሳይጠይቁ ማንሳት ማለት የሰው እንጀራ ላይ እጅ መስደድ ነው።

ይህን ማወቅ ለእናንተም ይጠቅማል። አንድ መካከለኛ ካርቶን ክብደቱ ግማሽ ኪሎ አካባቢ ነው። በኪሎ ሲሸጥ ለአንዱ የሚደርሰው ሳንቲም ትንሽ ነው፣ እሱም ተረግጦና ታጥፎ ነው የሚሸጠው። እናንተ የምትፈልጉት ደግሞ ሳይቀደድ፣ ክዳኑ ሳይቆረጥ ነው። ስለዚህ ከኪሎው ዋጋ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ «ለሻይ» ብትሰጡ ሰውየው ያተርፋል፣ እናንተም ከአዲስ ካርቶን ዋጋ ትድናላችሁ። በነፃ የሚሰጣችሁም አይጠፋም። ዋናው ትክክለኛውን ሰው መጠየቅ ነው። ባለሱቁ «ውሰዱ» ቢላችሁ እንኳ ካርቶኑን የሚያጠራቅመው ጥበቃው ከሆነ እሱንም አናግሩት።

◾ የት የት እንጠይቅ?

▪️ የሰፈር ሱቅ። ደንበኛ የሆናችሁበት ሱቅ የመጀመሪያው አድራሻ ነው። የፓስታ፣ የሳሙና፣ የብስኩትና የዘይት ካርቶን አይጠፋበትም። «ዕቃ የሚገባላችሁ መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁና በዚያው ቀን ሂዱ። በማግስቱ ከሄዳችሁ ተረግጦ ታስሮ ታገኙታላችሁ።

▪️ የጽሕፈት መሣሪያ መደብርና ፎቶ ኮፒ ቤት። የኤ4 ወረቀት ካርቶን ለመጽሐፍ የሚወዳደረው የለም። 5 እሽግ ወረቀት ይይዛል፣ ባለ 80 ግራም ከሆነ አንዱ እሽግ 2.5 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን በድምሩ 12.5 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ብዙዎቹ ክዳናቸው ለብቻው ይከፈታል። 4 ኪሎ፣ 5 ኪሎና 6 ኪሎ አካባቢ፣ ተማሪ በሚበዛበት ሁሉ ፎቶ ኮፒ ቤት ሞልቷል። ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ላይ ደግሞ የደብተር ካርቶን በሽ ነው።

▪️ ፋርማሲ። የመድኃኒት ካርቶን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅና ንጹሕ ነው። መጠኑም መካከለኛ ስለሆነ ለአንድ ሰው ሸክም ይመቻል። የግሉኮስ ካርቶን ፈሳሽ ተሸክሞ የሚመጣ ስለሆነ ጠንካራ ነው።

▪️ ግሮሰሪና ሆቴል። 12 ጠርሙስ የሚይዘው የወይን ካርቶን ውስጡ መከፋፈያ ካለው ለብርጭቆ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። መከፋፈያውን እንዳትጥሉት። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የቢራና የለስላሳ ፕላስቲክ ሳጥን ግን ማስያዣ የተከፈለበት ነው፣ ካርቶን አይደለም። ተዋሱት ቢሏችሁ እንኳ የመመለሻውን ቀን ተነጋገሩ።

▪️ ፍራፍሬ ቤትና ሱፐርማርኬት። ከውጭ የሚገባ አፕል የሚመጣበት ካርቶን ጠንካራ ነው፣ በጎኑ የእጅ መያዣ ቀዳዳም አለው። ፍሬው የተቀመጠበትን ጎድጓዳ ወረቀትና የእንቁላል ትሪውንም ጠይቁ፣ በሳህኖች መሀል ይገባል። ትልልቆቹ ሱፐርማርኬቶች ካርቶናቸውን የሚወስድላቸው ሰው ሊኖር ስለሚችል ኃላፊውን አስቀድማችሁ አናግሩ።

▪️ ኤሌክትሮኒክስና የቤት ዕቃ መሸጫ። እዚህ ትልልቁ ካርቶንና ነጩ ፎም ይገኛል። ለትራስ፣ ለብርድ ልብስና ለመጋረጃ አሪፍ ነው። ለከባድ ዕቃ ግን አይሆንም፣ ሞልታችሁት ማንም አያነሳውም።

▪️ መሥሪያ ቤት። ቢሯችሁ ውስጥ የኅትመት ወረቀት የሚያልቅበት ክፍል ካለ ከ3 ሳምንት በፊት ተናገሩ። «ባዶውን አትጣሉብኝ» ማለት ብቻ ይበቃል።

▪️ በቅርቡ ቤት የቀየረ ሰው። ከሁሉም የሚሻለው ይሄ ነው። ካርቶኑ አንዴ ተፈትኗል፣ መጠኑ ተመርጧል፣ ባለቤቱም የት እንደሚያደርገው ጨንቆታል። የኮንዶሚኒየም ብሎካችሁ የቴሌግራም ግሩፕ ካለው «አዲስ የገባችሁ፣ ካርቶን ካላችሁ እወስዳለሁ» ብላችሁ ጻፉ።

▪️ መርካቶ። በነፃ ካልተገኘ ያገለገለ መግዛት ይቻላል። ምናለሽ ተራና አካባቢው ሌላው «አለቀለት» ያለው ጠርሙስ፣ ጀሪካንና ቆርቆሮ ሁሉ ዋጋ የሚያገኝበት ገበያ ነው። ለጥቂት ካርቶን ብቻ ብላችሁ አትሂዱ፣ የትራንስፖርቱ ወጪ ይበልጣል። ብዙ ካስፈለጋችሁ ወይም ለሌላ ጉዳይ ከሄዳችሁ ግን ጠይቁ።

◾ እንዴት እንጠይቅ?

«ካርቶን አለ?» ብቻ ካላችሁ መልሱ «የለም» ነው። ስንት፣ መቼና ለምን እንደሆነ ተናገሩ። ለምሳሌ፦

«ሰላም ወንድሜ፣ ቅዳሜ ቤት ልቀይር ነው። ሳይቀደድ የተከፈተ ካርቶን 5 ብታስቀምጥልኝ ሐሙስ ማታ መጥቼ እወስዳለሁ፣ ለሻይ አላጣህም።»

እንዲህ ሲባል ልጁ ካርቶኑን በምላጭ ከመተርተር ይልቅ ፕላስተሩን ብቻ ቆርጦ ይከፍትላችኋል። ቃላችሁን ግን ጠብቁ። የሱቅ ቦታ ጠባብ ነው፣ ሐሙስ ብላችሁ እሑድ ከመጣችሁ አታገኙትም።

◾ የማይነካው ካርቶን

ነፃ ነው ተብሎ ሁሉም አይወሰድም። አዲሱ ቤታችሁ ውስጥ ችግር ይዞ የሚገባ አለ።

▪️ በረሮ ያለበት። ምግብ ቤትና ዳቦ ቤት የቆየ ካርቶን ላይ በጣም ተጠንቀቁ። በረሮ በካርቶኑ እጥፋትና በሞገዱ ቀዳዳ ውስጥ ይደበቃል። ትንሿ የቤት በረሮ እንቁላሏን የምትይዝበት ቡናማ ከረጢት ከ1 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ነው፣ ውስጡ ግን ከ30 እስከ 40 እንቁላል አለ። ስለዚህ ከመውሰዳችሁ በፊት ክዳኑን ገልብጡ፣ የታችኛውን እጥፋት ክፈቱ፣ መሬት ላይ አራግፉ። እንደ በርበሬ ደቃቅ ጥቁር ነጠብጣብ ካያችሁ ተዉት።

▪️ ትኋን ከነበረበት ቤት የመጣ። ልብስና ፍራሽ አጠገብ የቆየ ካርቶን ላይ ጥቋቁር የቀለም ጠብታ የመሰለ ነገር ካለ አትንኩት።

▪️ የኬሚካል ካርቶን። የፀረ ተባይ፣ የቀለምና የባትሪ አሲድ ካርቶን ለምግብ ዕቃም ለሕፃን ልብስም አይሆንም። ጽሑፉን አንብቡ፣ አሽትቱ።

▪️ እርጥብ ወይም ዘይት የጠጣ። ካርቶን አንዴ ከራሰ ቢደርቅም የድሮ ጉልበቱ አይመለስም። ማዕዘኑን በጣት ጫን በሉት፣ እንደ ዳቦ ከገባ ዕቃ አይሸከምም።

ካርቶኑ ላይ ያሉትን ምልክቶችም ተመልከቱ። ጃንጥላ ማለት ውሃ አይንካው፣ ብርጭቆ ማለት ውስጡ ተሰባሪ ነው፣ ሁለት ወደ ላይ የሚያዩ ቀስቶች ማለት ይህ ወገን ላይ ይሁን ማለት ነው። የመደራረብ ምልክት ላይ ቁጥር ካለ ስንት ድረስ መደርደር እንደሚቻል ይናገራል። ምልክቱ ለቀድሞው ዕቃ የተጻፈ ቢሆንም የካርቶኑን አቅም ለመገመት ይረዳል።

◾ ምኑን በምን?

ሕጉ አጭር ነው፦ ከባድ ዕቃ በትንሽ ካርቶን፣ ቀላል ዕቃ በትልቅ ካርቶን።

▪️ መጽሐፍና ሰነድ፦ የኤ4 ካርቶን።
▪️ ድስት፣ ሳህን፣ የታሸገ ምግብ፦ የዘይት ካርቶን። ባለ 5 ሊትር 4 ጀሪካን የሚይዘው ከ18 ኪሎ በላይ ተሸክሞ ነው የመጣው። እናንተ ግን ከ15 ኪሎ አትለፉ፣ ደረጃ የሚወጣ ሰው አለ። ዘይት የፈሰሰበት እንዳይሆን እዩ።
▪️ ብርጭቆና ሲኒ፦ መከፋፈያ ያለው የወይን ካርቶን። ሲኒዎቹን በልብስ ወይም በጋዜጣ ጠቅልሉ። ሳህን ተኝቶ ሳይሆን በጎኑ ቆሞ ይታሸግ፣ እንዲያ ሲሆን ጭነት ይችላል።
▪️ ጀበና፦ አንገቱ ላይ ፎጣ ጠምጥማችሁ ለብቻው በትንሽ ካርቶን። ከቻላችሁ በእጅ ያዙት።
▪️ የሸክላ ምጣድ፦ ከላይም ከታችም ብርድ ልብስ አድርጋችሁ፣ ምንም ሳይጫንበት። ሾፌሩ አጠገብ የሚሄድ ዕቃ ቢኖር እሱ ነው።
▪️ ልብስ፦ ካርቶን አታባክኑበት። ሻንጣ፣ ንጹሕ ማዳበሪያ ወይም አንሶላ ይበቃዋል። ፌስታል ላይ አትመኩ፤ አንደኛ ይቀደዳል፣ ሁለተኛ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ ከልክሎታል።
▪️ የቤት ውል፣ መታወቂያ፣ ወርቅ፣ የልጆች ክትባት ካርድ፦ ካርቶን ውስጥ አይገቡም። በትከሻችሁ በምትይዙት ቦርሳ ይሁኑ።

የካርቶኑን ታች አጥፎ መግጠም ብቻ አይበቃም። ሰፊውን ፕላስተር በመሀል ስፌቱ ላይ ሁለት ጊዜ ለጥፉ፣ ጫፎቹንም ያዙ። ከባድ ከሆነ በሲባጎ መስቀለኛ እሰሩት። ውስጡ ባዶ ቦታ ከቀረ በልብስ ሙሉት። ዕቃ የሚሰበረው ውስጥ ሆኖ ሲንገዋለል ነው።

◾ ስንት ካርቶን ይበቃል?

በእኛ ግምት አንድ ክፍል ቤት የሚኖር ላጤ ከ8 እስከ 12፣ ስቱዲዮ ወይም ባለ አንድ መኝታ ከ15 እስከ 20፣ ልጆች ያሉት ባለ ሁለት መኝታ ከ25 እስከ 35 ይበቃዋል። መጽሐፍ የምታበዙ ጨምሩ። መሰብሰብ ከ3 ሳምንት በፊት ጀምሩ፣ በየቀኑ 2 ብታመጡ ሳይከብዳችሁ ይሞላል። እስከዚያው አጣጥፋችሁ ከግድግዳው ጋር አቁሙት።

እያንዳንዱ ላይ በማርከር ቁጥርና ክፍል ጻፉ፦ «7 - ወጥ ቤት»። ውስጡ ያለውን ስልካችሁ ላይ ያዙ። ቁጥሩ ሁለት ነገር ይጠቅማል። አንደኛ፣ ስታወርዱ የጎደለ ካለ ወዲያው ይታወቃል። ሁለተኛ፣ ከጫኝና አውራጅ ጋር ስትነጋገሩ «30 ካርቶን፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ፍሪጅ፣ 3ኛ ፎቅ» ብላችሁ ዋጋ መቁረጥ ትችላላችሁ። ዕቃው ተበታትኖ ሲታይ ዋጋውም እንደዚያው ይበተናል። ዋጋው ደግሞ መኪናው ከመምጣቱ በፊት ይለቅ።

ክረምት ላይ የምትቀይሩ ከሆነ ሸራ የሌለው አይሱዙ ላይ ካርቶን አትጫኑ። መሬት ላይ ስታስቀምጡም ከሥሩ ፕላስቲክ ይነጠፍ። አንድ የሐምሌ ዝናብ የ3 ሳምንት ልፋት ያጠፋል።

◾ ከገባችሁ በኋላ

ባዶውን ካርቶን አልጋ ሥር አታከማቹት፣ በረሮ ቤት ይሠራበታል። አታቃጥሉትም። ፕላስተሩን ልጣችሁ አጣጥፉና ብሎካችሁ ውስጥ ለሚለቅ ሰው ስጡ። ካልተገኘ ጠዋት «ቆራሌው!» እያለ የሚያልፈውን ጥሩት፣ ወይም ለግቢው ጥበቃ ተዉለት። የዛሬ 3 ሳምንት ካርቶን ያስቀመጠላችሁ እንደሱ ያለ ሰው ነው። ለእናንተ ባዶ ካርቶን ነው፣ ለእሱ ግን የዕለት ገቢ ነው።

ቤት ሊቀይር የተዘጋጀ ወዳጅ ካላችሁ ይህን አሁኑኑ ላኩለት። ዕቃ ከወረደ በኋላ ቢደርሰው አይጠቅመውም።

መልካም ቤት ይሁንላችሁ!